የኮርቻው አምስት መስመር

አባቴ ክረምቱ በገባ በሁለተኛው ሳምንት የብስክሌቱን ኮርቻ ዝቅ አደረገ። እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ለእኔ ብሎ ያደረገው መሰለኝ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ነበር። እሑድ የጥገና ቀናችን ነው። ዝናብ ቢዘንብ፣ እንግዳ ቢመጣ፣ እናቴ ብትቆጣ ብስክሌቱ በረንዳው ላይ መገልበጡ አይቀርም። አባቴ አሮጌ ጋዜጣ ያነጥፋል፤ እኔ ባልዲውን፣ ጨርቁንና የናፍጣውን ጣሳ አቀርባለሁ። መጀመሪያ ጭቃው ሳይደርቅ በውሃ ይለቀቃል። ቀጥሎ ካቴናው ናፍጣ በነካ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይፈተጋል፣ በጨርቅ ይወለወላል፣ በየመጋጠሚያው አንዳንድ ጠብታ ዘይት ይጠጣል። ከዚያ ያንኑ ዘይት መልሰን እንጠርገዋለን። የምንጠርገው ከሆነ ለምን እንደምንቀባው አይገባኝም ነበር።

"ዘይት የሚሠራው ውስጥ ነው" ይለኛል አባቴ። "ላይ ላዩን የቀረው ጭቃ ለመጥራት ነው።"

ሥራው የውሃ ቆጣሪ ማንበብ ነበር። ብስክሌቱ የራሱ ነው፤ መንገዱ የመሥሪያ ቤቱ። መኪና የማይገባባቸው የከተማው ዳርቻ ሰፈሮች የእሱ ድርሻ ነበሩ፤ በጋ ከክረምት ይነዳባቸዋል። ሌሎቹ አንባቢዎች በክረምት ግማሹን መንገድ ብስክሌታቸውን እየገፉ ሲሄዱ እሱ ግን ከኮርቻው አይወርድም ይባል ነበር። "በዚህ ጭቃ እንዴት ትችለዋለህ?" ሲሉት "ጭቃው መንገዱ ላይ እንጂ ካቴናዬ ላይ የለም" ይላል። ይህችን መልስ ይወዳታል። እናቴና እኔ መቶ ጊዜ ሰምተናታል፤ መቶ ጊዜም እንስቅለታለን።

ያን እሑድ ጥገናው ካለቀ በኋላ ብስክሌቱን አቅንቶ አቆመና ከመሣሪያ ሳጥኑ ቁልፍ አሥራ ሦስትን እና ትንሿን ሞረድ አወጣ። ኮርቻው የተተከለበት ዘንግ ከቱቦው በሚወጣበት ቦታ ላይ በሞረዱ አንዲት ቀጭን መስመር ሠራ። ከዚያ ብሎኑን አላላና ኮርቻውን ሁለት ጣት ያህል ወደ ታች ገፋው። መስመሯ ቱቦው ውስጥ ገባች።

"ምንድን ነው አባባ?"

"ምልክት ነው። ወዴት እንደሚመለስ እንዲታወቅ።"

"ለምን አወረድከው?"

ሞረዱን በጨርቅ ጠረገው። ደግሞ ጠረገው። "ክረምት አይደል" አለኝ። "በክረምት መሬቱ ቀረብ ቢል ይሻላል።"

መልሱ ብዙም መልስ አልነበረም፤ እኔ ግን የራሴ መልስ ነበረኝ። በጋ ላይ ለጎረቤታችን ልጅ ብስክሌት ሲገዛለት አይቼ ሦስት ቀን ሙሉ አኩርፌ ነበር። ያኔ አባቴ "እግርሽ መሬት ሲደርስ የእኔን እሰጥሻለሁ" ብሎ ነበር ያባበለኝ። አባቴ መለሎ ነው፤ ኮርቻው ደረቴ ድረስ ይመጣል። እግሬ መሬት እስኪደርስ ድረስ ደግሞ አገባለሁ እወልዳለሁ። እና አሁን ኮርቻው ራሱ ወደ እኔ እየወረደ ነው። ከዚያ ወዲያ ማን ያስረዳኛል?

ዛሬ የማውቀው ሌላ ነው። ቀኝ እግሩ ከበጋው ማብቂያ ጀምሮ አልታዘዝ ብሎት ነበር። ክረምቱ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ብቻ ሲቆም እግሩ መሬት ቶሎ አልደርስለት ብሎ ሁለት ጊዜ ከነብስክሌቱ ወድቋል። ሐኪሙ የነርቭ ሕመም ነው፣ እየባሰ ይሄዳል ብሎታል። እሱ ለእናቴ "ብርዱ ነው፣ ክረምቱ ሲያልፍ ይለቀኛል" አላት፤ ለራሱም የነገረው ይህንኑ ነው። መስመሯ እውነትም የመመለሻ ምልክት ነበረች። ጸሐይ ስትወጣ ኮርቻውን እንደገና ከፍ ሊያደርግ ነበር።

በመሥሪያ ቤቱ ደንብ ብስክሌት መንዳት ያቃተው አንባቢ ከመንገድ ይነሳል። ከመንገድ የተነሳ ምን እንደሚሆን ደግሞ አባቴ በየቀኑ ያያል። በመሥሪያ ቤቱ በር ላይ አንዲት መቀመጫ ዱካ ተሰጥታቸው የሚውሉ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ድሮ አንባቢ የነበሩ። ሰላም ያላቸውን ሰው ሁሉ እጁን ይዘው የድሮ መንገዳቸውን ቤት በቤት ይቆጥሩለታል። አባቴ ከሳቸው ጋር ላለመገናኘት በጓሮ በር ነበር የሚገባው። ሥራውን ከማጣት ይልቅ ያቺን ዱካ ይፈራት እንደነበር እናቴ ነግራኛለች።

ሁለተኛው መስመር በሦስተኛው ሳምንት ተሠራ። በዚያው እሑድ የፍሬኑን ገመድ ከቀኝ እጀታ ወደ ግራ አዛወረው፤ ስፕሪንጉንም አላላው። ሞከርኩት፤ በሁለት ጣቴ ተሳበልኝ። ቅቤ ሆኗል። በፊት በሁለት እጄ ተንጠልጥዬበት የማይነቃነቅ ፍሬን ነው።

"ለትንሽ እጅም ይሆናል" አልኩት፤ ነገር ላወጣጣው።

"ለደካማ እጅም ይሆናል" አለ።

እንዴት ያለ ጨዋታ አዋቂ አባት ነው ያለኝ ብዬ ተደሰትኩ። በእነዚያ ሳምንታት ሌላም ነገር ነበር። ጠዋት ጠዋት የዝናብ ልብሱን እኔ ነበርኩ የምቆልፍለት። "አለቃ፣ ነይ ፈትሺኝ" ይለኛል፤ አለቃ እኔ ነኝ። ከታች እስከ ላይ ስድስቱንም ቁልፍ እቆልፋለሁ፣ ጎማውን በአውራ ጣቴ ጫን አደርጋለሁ፣ "እለፍ" እለዋለሁ። ሻይ በግራ እጁ መጠጣት ጀምሮ ነበር። እኔም በግራዬ መጠጣት ጀመርኩ። እናቴ ጠረጴዛው ላይ ሁለታችንን ተራ በተራ አየችና ተነስታ ወጣች። ሁለታችን ተባብረን ስላሾፍንባት የተቀየመች መሰለኝ።

አንድ ቀን አመሻሹ ላይ ከመጋረጃው ወዲያ ሲነጋገሩ ሰማኋቸው።

"እስከ መቼ ነው የምትደብቀው?" አለች እናቴ።

"ክረምቱ እስኪያልፍ።"

"ይታወቅብሃል አንተ ሰው።"

"ማን ያውቅብኛል?"

"ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። እኔ እያወቅሁ ዝም ብዬ ልይህ?"

"ዝም በይልኝ። ለትንሽ ጊዜ ነው።"

"ልጅቷስ?"

"እሷ ምን ታውቃለች?"

እሷ ሁሉን ታውቃለች ብዬ ሳቄን ለማፈን የትራሱን ጫፍ ነከስኩ። ክረምቱ እስኪያልፍ! ቀኑ ተቆርጦልኛል ማለት ነው። እናቴ ብቻ ናት አስቸጋሪዋ፤ ምናልባት ሴት ልጅ ብስክሌት አትንዳ ብላ ይሆናል። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴን አኮረፍኳት፤ የፈረደባት ሴት በሁለት ወገን ስትቃጠል ከረመች።

በክረምቱ አጋማሽ መሥሪያ ቤቱ የብስክሌት ፍተሻ ያደርጋል። ፈታሹ ከአባቴ በዕድሜ የሚበልጡ ሰው ነበሩ። የእያንዳንዱን ብስክሌት ፍሬን ጨምቀው ጨምቀው ስለማይጠግቡ ሠራተኛው "ጋሽ ፍሬን" ብሎ ስም አውጥቶላቸዋል። ቅጻቸው ላይ የተጻፈ ጥያቄ ሳይመለስ የሚያልፉት የለም። "ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም" ይሏቸው ነበር ከኋላቸው።

"እኔም ልሂድ" አልኩት አባቴን፤ በየዓመቱ እንደምለው። በየዓመቱ መልሱ "መሥሪያ ቤት መጫወቻ አይደለም" ነበር። ያን ቅዳሜ ግን ጥቂት አየኝና "የዝናብ ልብስሽን ልበሺ" አለኝ።

እስከ መሥሪያ ቤቱ አልነዳም። እኔን ኮርቻው ላይ አስቀምጦ መሪውን ይዞ ገፋኝ። ጭጋጉ ቤቶቹን ከወገባቸው በላይ ውጧቸው ነበር፤ ቦዩ ውስጥ ውሃው ይጮኻል። ከኮርቻው ላይ ሰው ሁሉ ዝቅ ብሎ ሲታየኝ የሙሽራ ያህል ኮራሁ። አባቴ ብስክሌቱን የሚገፋ መስሎኝ ነበር። ተደግፎት ነበር የሚሄደው።

ግቢው ውስጥ ሃያ የሚሆኑ ብስክሌቶች ተደርድረዋል። ሰዎቹ ቆርቆሮው ሥር ተጠልለው እጃቸውን እያሹ ይቀላለዳሉ። ፈተናው ቀላል ነው፤ ከበሩ ተነስቶ እስከ ውሃ ማጠራቀሚያው መንዳትና በኖራ የተሠመረች መስመር ላይ ቀጥ ብሎ መቆም። አንዱ ወፍራም አንባቢ መስመሯን አልፎ ኩሬው ውስጥ ገባ። "የተመዘገብከው ለብስክሌት ነው ወይስ ለዋና?" አሉት ጋሽ ፍሬን፤ ግቢው በሳቅ ሞላ።

የእኛ ተራ ደረሰ። ጋሽ ፍሬን ጎማውን አዩ፣ ፓራፋንጎውን አነቃነቁ፣ ጭቃ መከላከያው ሳይንቀጠቀጥ ሲቀር ራሳቸውን ነቀነቁ። ከኪሳቸው ነጭ ወረቀት አውጥተው ካቴናው ላይ አሳለፉት። ወረቀቱ ነጭ እንደሆነ ወጣ።

"ይሄ ካቴና ነው የሙሽራ ሐብል?" አሉ።

የጠረግሁት እኔ ነኝ ለማለት አፌን በላኝ። አባቴ ፈገግ አለ። ቀጥሎ ግን እጃቸው ኮርቻው ላይ አረፈ። በዚያን ጊዜ ሦስት መስመሮች ቱቦው ውስጥ ገብተዋል።

"ኮርቻህ ምን ነካው? የአንተን ቁመት ይዞ በዚህ የሚነዳ ሰው ጉልበቱ አገጩን ይመታዋል።"

ሰዎቹ ሳቁ። አባቴ አልሳቀም። ቀኝ እጁን የዝናብ ልብሱ ኪስ ውስጥ ከቶታል።

"እስቲ ውጣበትና እንይህ" አሉ ጋሽ ፍሬን፤ አሁን እየቀለዱ አልነበረም።

አባቴ አልተንቀሳቀሰም። አንገቱ ላይ ያለው ሥር ሲመታ አየሁት። ያን ያህል ሰው ፊት ተጨንቆ አይቼው አላውቅም፤ የተጨነቀውም ለእኔ ነው። ሚስጥራችንን እኔ ፊት እንዳያወጣ ብሎ ነው አፉ የተያዘው። አሳዘነኝ። ላድነው ፈለግሁ።

"ለእኔ ነው" አልኩ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

"ያወረደው ለእኔ ነው። እግሬ እንዲደርስልኝ። ክረምቱ ሲያልፍ ሊሰጠኝ ነው፣ ሚስጥር ስለሆነ ነው የማይናገረው።"

ከቆርቆሮው ሥር አንድ ሰው "ወይ አባት መሆን" አለ። ጋሽ ፍሬን ግን አልሳቁም። እኔን አዩኝ፤ ዓይናቸው ወደ አባቴ ኪስ ሄዶ እዚያ ቆየ፤ እንደገና ወደ እኔ ተመለሱ። ከዚያ አባቴን፣

"እንደሱ ነው?" አሉት።

"እንደሱ ነው" አለ አባቴ።

ጋሽ ፍሬን ብዕራቸውን አወጡና ቅጹ ላይ ከላይ እስከ ታች ምልክት አደረጉ። የመንዳት ፈተናው ቦታ ላይም ሳይቀር። "ልጅቷ ስትለምድ ኮርቻው ወደ ቦታው ይመለስ" ብለው ወረቀቱን ሰጡት። "ቀጣይ!"

በመንገድ ላይ አባቴ አንድ አጥር ጥግ ቆሞ ግንባሩን መሪው ላይ አስደገፈ። ብዙ ቆየ። ከኮርቻው ላይ ሆኜ ጀርባውን ዳበስኩት።

"ሚስጥርህን አወጣሁብህ አይደል?"

"አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም" አለኝ፤ ቀና ብሎ ፀጉሬን ነካካኝ። ድምፁ ግን የቀልድ አልነበረም። "ነገ መንዳት እንጀምራለን አለቃ።"

ቤት እንደደረስኩ ለእናቴ እየዘለልኩ ነገርኳት፤ ጋሽ ፍሬን ያሉትን፣ እኔ ያልኩትን፣ አባባ ሳይፈተን ማለፉን። እናቴ ልብስ እያጣጠፈች ነበር። የያዘችውን ሸሚዝ አጠፈችው፣ ፈታችው፣ እንደገና አጠፈችው። "ሳይነዳ?" አለች። "አዎ፣ ሳይነዳ!" አልኳት። "አንቺ ልጅ" አለችኝ። ለሳምንት ያህል ፀጉሬን ስታበጥርልኝ እጇ ይከብድ ነበር። እኔም "ቀናች" ብዬ ደመደምኩ።

አባቴ ቃሉን ጠበቀ። በማግስቱ የመጋዘኖቹ ጀርባ ያለው ሰፊ አስፋልት ላይ ወሰደኝ። የጎረቤቴን ልጅ አባቱ ኮርቻውን ይዞ ከኋላው እየሮጠ ነበር ያስተማረው። የእኔ አባት አልሮጠም። አንዱ ጫፍ ላይ ግድግዳ ተደግፎ ቆመና "ወደ እኔ ነይ" አለኝ፤ ደረስኩ ስል "አሁን ፍሬን" ይለኛል። ስድስት ጊዜ ወደቅሁ፤ አንዱንም ጊዜ መጥቶ አላነሳኝም። ስለሚያምነኝ ነው ብዬ በጉልበቴ ደም ኮራሁ። ሰባተኛው ላይ እሱ ዘንድ ደረስኩና ቆምኩ። በግራ እጁ አቀፈኝ፤ ትከሻዬ ላይ አገጩን አሳርፎ "አየሽ፣ ለአንቺ ነበር" አለ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። አሁንም ሳስታውሰው ደስ ይለኛል፤ ይህ ነው የሚያስቸግረኝ።

ለእኔ በተባለው ኮርቻ ላይ ሁለት መስመር ተጨመረ። አምስተኛው የተሠራ ዕለት ሞረዱን የያዝኩት እኔ ነበርኩ፤ የእሱ እጅ ይንሸራተት ነበር። በሚቀጥለው ማክሰኞ ጠዋት ስድስቱንም ቁልፍ ቆልፌለት "እለፍ" አልኩት። ከእንጨት መሰንጠቂያው በላይ ያለውን ቁልቁለት ሲወርድ ዝናብ እየዘነበ ነበር። ከታች ግንድ የጫነ ጋሪ መንገዱን ዘግቶ ቆሟል። ያዩት ሰዎች አባቴ ጋሪውን ከሩቅ ማየቱን ተናግረዋል። "ዞር በሉ" እያለ ይጮህ ነበር አሉ። አልቆመም።

ትከሻውና ዳሌው ተሰበረ። ሰባት ሳምንት ሐኪም ቤት ተኛ። የተመለሰው በሰው ሸክም ነው።

እኔ ግን ጥፋተኛዋን አውቃት ነበር። እሑድ ዕለት የጎማውን ቸርኬ የጠረግሁበት ጨርቅ ዘይት የነካ ሳይሆን አይቀርም። ፍሬን የሚይዘው ቸርኬውን ነው፤ ዘይት የነካው ቸርኬ አይያዝም። አባቴ ሁለት ጨርቅ ለየብቻ የሚያስቀምጠው ለዚህ ነው፤ እኔ ደግሞ የቱን እንዳነሳሁ አላስታውስም። ለማንም አልተናገርኩም። ሁለቱንም ጨርቆች ቦዩ ውስጥ ጣልኳቸው።

ጋሽ ፍሬን ከአደጋው በሦስተኛው ቀን ብስክሌቱን በትከሻቸው ተሸክመው መጡ። በረንዳው ላይ አቆሙትና እንደልማዳቸው ፍሬኑን ጨመቁት፣ ቸርኬውን በጣታቸው ዳሰሱት፣ ጣታቸውን አዩ።

"ምንም አልሆነም" አሏት እናቴን። "ፍሬኑም ካቴናውም ደህና ነው። ንጹሕ ነው።"

"እኔ ስለ ፍሬኑ አልጠየቅሁዎትም" አለች እናቴ።

አንገታቸውን ደፉ። ወንበር እንኳ ሳትሰጣቸው ሄዱ። እናቴ በሰው ላይ እንዲህ ስትጨክን አይቼ አላውቅም፤ አፈርኩባት። ስለ ፍሬኑ ያሉትንም አላመንኳቸውም፤ እኔን ላለማስቀየም ነው አልኩ።

ጉዳዩን እናቴ የነገረችኝ እኔ ራሴ ከወለድኩ በኋላ ነው። ከፍተሻው በፊት ባለው ቀን በዝናብ ጋሽ ፍሬን ቤት ድረስ ሄዳ ነበር። "ባለቤቴ ታሟል፣ እኔን አልሰማ ብሎኛል፣ ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ነገ ይፈትኑትና ከመንገድ ያንሱልኝ" ብላ ለምናቸዋለች። እሳቸውም ቃል ገብተዋል። "እስቲ ውጣበትና እንይህ" ያሉት ለዚህ ነበር። አንድ ዙር ቢነዳ ኖሮ ቁልቁለት በሌለበት ግቢ ውስጥ፣ ሃያ ሰው በተሰበሰበበት ይወድቅና ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር።

"አንቺን ሲያዩ አቃታቸው" አለችኝ እናቴ። "ልጅ ፊት አባትን እንዴት ላዋርድ አሉኝ። እኔ ደግሞ አንቺን ምን ልበልሽ? ዘጠኝ ዓመትሽ ነው።"

ምላስ አጥንት የላትም፣ አጥንት ግን ትሰብራለች ይባላል። ያላጠፋሁትን ጥፋት፣ የዚያን ዘይት፣ ዓመታት ስሸከም ትክክለኛውን ሳላውቀው ኖሬያለሁ። ግማሹን ማለቴ ነው። ሌላውን ግማሽ ከእናቴ ቀድሞ አባቴ ነግሮኝ ነበር።

ከአደጋው በኋላ አባቴ በረንዳው ላይ ወንበር ተደረገለት። የፈራት ዱካ ቤቱ ድረስ መጣች። እሑድ እሑድ እኔ ብስክሌቱን እገለብጣለሁ፣ እሱ ከወንበሩ ሆኖ ያዛል። "ያቺኛዋ አልጠጣችም" ይለኛል ስለ አንዲት መጋጠሚያ፤ ከዚያ ርቀት እንዴት እንደሚያያት እንጃ። ቁመቴ ሲጨምር ኮርቻውን አነሳለሁ። ሳነሳው አምስተኛዋ መስመር ከቱቦው ብቅ አለች፤ ከዓመት በኋላ አራተኛዋ።

አራተኛዋ የወጣች ዕለት አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። ደስ ብሎኝ "ያን ቀን ሚስጥርህን ባላወጣብህ ኖሮ እስከ ዛሬ ትደብቀኝ ነበር" ብዬ ቀለድኩበት።

አባቴ ብቅ ያለችውን መስመር በዓይኑ አሳየኝ። ከዚያ ሁሉንም ነገረኝ። እግሩን፣ እጁን፣ በዚያ ቁልቁለት ግራ እጁም ፍሬኑን መሳብ እንዳቃተው፣ መስመሮቹ ለማን እንደነበሩ። ቃላቱን እየመረጠ፣ ከሕመሙ ጋር መጎተት በጀመረ ድምፁ።

"ታዲያ እኔ ዋሸሁ ማለት ነው?" አልኩት።

"የዋሸሁት እኔ ነኝ። አንቺ የምታውቂውን ነው የተናገርሽው።" ትንሽ ተነፈሰ። "ይዤሽ የሄድኩትም አውቄ ነው። ጋሽ ፍሬን ልጅ ፊት ሰው አያዋርዱም፤ አጠገቤ ከቆምሽ አይፈትኑኝም ብዬ ነው። እንደምትናገሪ አላወቅሁም። ቆመሽ ብትታዪልኝ ይበቃኝ ነበር።"

ብሩሹን ጣሳው ውስጥ ጣልኩትና ገባሁ።

ሦስት እሑድ ብስክሌቱን አልነካሁትም። ትምህርት ቤት ግን እነዳዋለሁ፤ ከጭቃ ጭቃ እየመረጥኩ። ካቴናው መጀመሪያ ጠቆረ፣ ቀጥሎ ቀላ፣ በሦስተኛው ሳምንት ሲጥ ሲጥ ማለት ጀመረ። አባቴ ጠዋት ስወጣና ስመለስ ከወንበሩ ይሰማዋል። እንዲሰማው ነበር የምፈልገው። አንድም ቃል አልተናገረኝም።

"ሰው መቅጣት ካማረሽ ሰውየውን ቅጪ" አለችኝ እናቴ፤ "ብረቱ ምን አደረገሽ?"

በአራተኛው እሑድ ከጎረቤት ስመለስ ወንበሩ ባዶ ነበር። አባቴ መሬት ላይ ነው። እንዴት እንደወረደ እስከ ዛሬ አላውቅም። ጋዜጣውን አንጥፏል፤ ብስክሌቱን መገልበጥ አቅቶት በጎኑ አስተኝቶታል። የናፍጣው ጣሳ ተደፍቶ ሱሪውን አርሶታል። ብሩሹን በግራ እጁ ጨብጧል። ካቴናው ላይ አንድ ስንዝር የምታህል ቦታ ጸድታ ታበራለች፤ የቀረው ሁሉ ዝገት ነው።

ቀና ብሎ አላየኝም።

"አለቃ" አለኝ። "ከዚህ ወዲያ ያለው አልደርስበት አለኝ።"

አጠገቡ ተቀመጥኩ። ይቅርታ አልጠየቅሁትም፤ እሱም አልጠየቀኝም። ብሩሹን ልወስድ ስል ጣቶቹ አልለቅ አሉ፤ አንድ በአንድ ፈታኋቸው። ከዚያ እሱ ካቆመበት ጀመርኩ።

በሚቀጥለው ክረምት አረፈ። ሦስተኛዋንና ሁለተኛዋን መስመር ለብቻዬ አወጣኋቸው። እሱ መጀመሪያ የሠራት የወጣችው አሥራ ስምንት ዓመት ሲሆነኝ ነው። ዛሬም ሥራ የምሄደው በዚሁ ብስክሌት ነው፣ በጋ ከክረምት፤ ጎማውንና ካቴናውን ስንት ጊዜ እንደለወጥኩት ረስቼዋለሁ። የእግሬ ርዝመት ወደ አባቴ ስለሄደ አሁን ሌላ ሁለት ጣት ከፍ ቢል ይመቸኛል። ጉልበቴ ሲያመኝ ቁልፍ አሥራ ሦስትን አነሳለሁ፣ መስመሯን አያለሁ፣ ቁልፉን ሳጥኑ ውስጥ መልሼ አስቀምጣለሁ።